ስለ ፈረስና መቀመጥ ስለ ተሳናቸው ልጆች

የአገራችን ሰው ለፈረስ የሚሰጠው ክብር ከማንም የተሰወረ አይደለም። ታላላቆቻችን በአባታቸው ስም ብቻ ሳይሆን በፈረሳቸውም ስም ይጠሩ ነበር፤ ዳግማዊ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ ጎበና ዳጬ አባ ጥጉ መባላቸውን የትምህርት ቤት ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በአዊ አገር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። በእኛም በወለጋ፣ በተለይ በሆሮ ጉዱሩ ደጋ፣ ፈረስ ሙሽራ ያጅባል፤ ለቅሶ ያደርሳል፤ የጉግስ ሜዳ ያደምቃል። የኢትዮጵያን ፈረሶች በመልካቸውና በአካል አቋማቸው መርምረው የለዩ ሊቃውንት ካገኟቸው ስምንት ዓይነቶች አንዱን «የሆሮ ፈረስ» ብለው ጠርተውታል። እንግዲህ ወለጋ የራሱ ፈረስ ያለው አገር ነው ማለት ነው።

ይህን ማንሣታችን የፈረስን ውበት ለመተረክ አይደለም፤ ያንንማ ከጤና መኮንን ይልቅ አቅራሪና አዝማሪ ያውቁበታል። ልንል የፈለግነው ይህ ነው፤ በየከተማችን በየጓዳው ተጋድመው የሚውሉ፣ ቀጥ ብሎ መቀመጥና መራመድ የተሳናቸው ልጆች አሉ። እነዚህን ልጆች ሊረዳ የሚችል፣ ከውጭ አገር የማይገዛ፣ ኤሌክትሪክ የማይሻ አንድ መሣሪያ ደግሞ ከደጃችን ታስሮ ሣር ይግጣል። መሣሪያውና ልጁ እስከ ዛሬ አልተገናኙም። ያላገናኛቸው ድህነት ብቻ ነው ብለን አናምንም፤ ይበልጡን ያላገናኛቸው ልጁ ከቤት አለመውጣቱ ነው።

አስቀድመን ስለ የትኞቹ ልጆች እንደምንናገር እንግለጽ። ቀድሞ በከተሞቻችን እግሩ የሰለለ ልጅ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ልምሻ፣ ማለት ፖሊዮ ነበር። የክትባት ሥራ ፍሬ አፍርቶ በኢትዮጵያ የመጨረሻው የዱር ፖሊዮ ሕመም የታየው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2014 ነው፤ በ2020ም መላው አፍሪካ ከዚሁ ቫይረስ ነጻ መሆኑ ተረጋግጧል። ዛሬ ወደ ምርመራ ክፍላችን ታዝለው የሚመጡት ልጆች ግን በአብዛኛው ሌላ ታሪክ አላቸው። እናታቸው ምጥ በዝቶባት ሲወለዱ አየር ያጠራቸው አሉ፤ በተወለዱ በጥቂት ቀን ውስጥ ዓይናቸውና ቆዳቸው ቢጫ ሆኖ ሳይታከሙ የቆዩ አሉ፤ በጨቅላነታቸው ማጅራት ገትር የያዛቸውም አሉ። በነዚህ ምክንያቶች አንጎል ሲጐዳ የሚመጣውን የእንቅስቃሴ ጉድለት ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ሕመሙ አይተላለፍም። እርግማንም፣ ቡዳም፣ የወላጅ ኃጢአትም አይደለም። የአንጎሉም ጉዳት ከቀን ወደ ቀን እየከፋ የሚሄድ አይደለም፤ እየከፋ የሚሄደው ያልተንቀሳቀሰው ሰውነት ነው። ጡንቻው ይኮማተራል፤ መገጣጠሚያው ይደርቃል፤ ጀርባው ይጎብጣል፤ ዳሌውም ቀስ በቀስ ከቦታው ይወጣል።

በአንድ ከተማ ከቤት ወደ ቤት ስንዞር አንዲትን እናት «ስንት ልጆች አሉዎት?» ብለን ብንጠይቃት «ሦስት» ብላ መለሰችልን። ኋላ ከጓዳ ድምፅ ሰምተን ስንጠይቅ አራተኛ ልጅ እንዳለቻት ነገረችን። ዕድሜዋ ዘጠኝ ዓመት ሆኗት ነበር። እናቲቱን ክፉ ሴት አድርጎ የሚፈርድባት ሰው ቢኖር ስሕተት ነው፤ ልጅቱ ንጹሕ ነበረች፤ ተላላጦ የቆሰለ ገላ አላየንባትም፤ ይህም በየቀኑ ምን ያህል እንደምትደክምላት ይመሰክራል። ነገር ግን ልጅቱ ስታድግ ለጀርባዋ ከበደቻት፤ ጎረቤት ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ ተጨመረበት፤ በመጨረሻም ከቍጥር ወጣች። እንዲህ ያለች ልጅ ከጣራውና ከግድግዳው በቀር የምታየው የላትም።

ለእንዲህ ያለች ልጅ ፈረስ ምን ያደርግላታል? ምሥጢሩ ያለው በእርምጃው ላይ ነው። ሰው ሲራመድ ዳሌው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ጥቂትም ይዞራል። ፈረስ ዝግ ብሎ ሲራመድ በጀርባው ላይ የተቀመጠውን ሰው ዳሌ የሚያወዛውዘው ከዚሁ ጋራ በጣም በተቀራረበ ስልት ነው። ስለዚህ በእግሯ ሄዳ የማታውቅ ልጅ በፈረስ ጀርባ ላይ ስትሆን ወገቧና ዳሌዋ የመራመድን ስልት ይቀበላሉ። ፈረሱ በደቂቃ 100 ያህል ጊዜ ቢረግጥ፣ በ20 ደቂቃ ውስጥ የልጅቱ ሰውነት 2,000 ጊዜ ከሚዛኑ ጥቂት ይናጋል፤ እርሷም 2,000 ጊዜ ራሷን ታቃናለች። ምንም ያህል ትዕግሥት ያለው ባለሙያ በእጁ እየደገፈ ይህን ያህል ሊያለማምዳት አይችልም። ደግሞም ልጅቱ ሥራ መሥራቷን አታውቀውም፤ የምታውቀው ፈረስ ላይ መውጣቷን ነው።

ሙቀቱም አንድ ጥቅም ነው። የፈረስ ሰውነት ሙቀት 38 ዲግሪ ገደማ ሲሆን ከሰው ጥቂት ይበልጣል። በዚህ ሕመም የተያዙ ብዙ ልጆች ጭኖቻቸው እንደ መቀስ ተጣብቀው ስለሚደርቁ እናታቸው እነርሱን ማጠብና ማልበስ ይቸግራታል። ልጁ ያለ ኮርቻ፣ በአጎዛ ወይም በወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ ጭኖቹ በፈረሱ ጀርባ ስፋት ይከፈታሉ፤ ሙቀቱና ውዝዋዜውም ጡንቻውን ያላላዋል። ይህ መላላት ለጊዜው ቢሆንም በዚያች ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ማስተማር ይቻላል። ከዚህም ሌላ በመጽሐፍ ተለክቶ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ፤ ሁልጊዜ ከመሬት ሆኖ ሰውን ሁሉ ወደ ላይ የሚያይ ልጅ በዚያን ቀን ሰውን ወደ ታች ያያል። በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለን ይህን ሥራ ቆመን ተመልክተናል፤ ከጡንቻው መላላት ይልቅ በዓይናችን የቀረው የልጆቹ ፊት ነው።

በቅሎ የሚወድ አንባቢ «ሰጋር በቅሎ አትሻልምን?» ይለን ይሆናል። ለመንገደኛ ትሻላለች፤ ሰጋርነቷ የሚወደደውም ስለማታወዛውዝ ነው። እኛ ግን ለልጁ የምንሻው ውዝዋዜውን ነው። እርጋታ ያላት በቅሎ ተራ እርምጃዋን የምትሄድ ከሆነች ግን አንጠላትም።

ይህ አሠራር በአውሮፓ እንዲስፋፋ ካደረጉት ሰዎች አንዷ ሐኪም አልነበረችም። ሊዝ ሃርቴል የምትባል የዴንማርክ ፈረሰኛ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1944፣ በ23 ዓመቷ፣ እርጉዝ ሳለች ልምሻ ያዛት። ልጇን በደኅና ወለደች፤ እግሮቿ ግን ከጉልበት በታች እንደ ሰለሉ ቀሩ። ሰዎች እየደገፉ በፈረስ ላይ ያወጧትና ያወርዷት ጀመር። በ1952 በሄልሲንኪ የኦሊምፒክ ውድድር በፈረስ ሥነ ሥርዓት ግልቢያ የብር ሜዳሊያ አገኘች። ከዚያ በፊት በዚህ ውድድር የሚገቡት የጦር መኮንኖች ብቻ ነበሩ፤ ያን ዓመት ሴቶች ከወንዶች ጋራ እንዲወዳደሩ ሲፈቀድ ከገቡት ጥቂት ሴቶች አንዷ በገዛ እግሯ ወደ ሽልማቱ ሰገነት መውጣት የማትችል ሆነች። ወርቁን ያገኘው የስዊድን መኮንን አንሪ ሳን ሲር ደግፎ አወጣት። በ1956ም ደግማ ብር ወሰደች። ይህን ያዩ የሰሜን አውሮፓ ባለሙያዎች ልጆችን በፈረስ ማለማመድ ጀመሩ፤ በኖርዌይ ኤልሰቤት ቦትከር የምትባል ፊዚዮቴራፒስት በዚሁ ሥራ ትታወቃለች። በ1969 በእንግሊዝና በአሜሪካ ለዚሁ ሥራ የቆሙ ማኅበራት ተመሠረቱ፤ ከ1996 የአትላንታ ውድድር ጀምሮም የፈረስ ግልቢያ በፓራሊምፒክ ውስጥ ቦታ አገኘ።

ይህ የነጭ አገር ነገር ነው የሚል ቢኖር፣ የራሳችንን አበበ ቢቂላን እናስታውሰው። በ1969 በመኪና አደጋ እግሮቹ ከሰለሉ በኋላ በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ታክሞ በዚያው በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። በ1971ም ወደ ኖርዌይ ሄዶ ውሾች በሚስቡት የበረዶ ሸርተቴ ውድድር አሸነፈ። በሮምና በቶኪዮ በእግሩ ያሸነፈ ሰው እንስሳ ሲስበው ዝቅ ያለ አልመሰለውም።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብለን አንባቢን ማስጠንቀቅ ይገባናል። የአገራችን ሰው «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይላል። በዚህም ሥራ እንደዚሁ ነው። ፈረስ የተጐዳ አንጎል አያድንም። በልዩ ልዩ አገር የተደረጉት ምርምሮች ብዙዎቹ የልጆቹ አቀማመጥና ሚዛን እንደሚሻሻል ያሳያሉ፤ ይሁን እንጂ የተመረመሩት ልጆች ቍጥር አነስተኛ ነው፤ ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላገኘንም ያሉ ተመራማሪዎችም አሉ። ስለዚህ ነገ አንድ ሰው በነቀምት ገበያ አጠገብ ፈረስ አቁሞ «ሽባ እናስነሣለን» እያለ ገንዘብ ቢሰበስብ ውሸታም ነው። የፈረሱ ልምምድ በጤና ባለሙያ የሚሰጠውን የሰውነት ልምምድ፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒትን፣ ትክክለኛ አመጋገብንና ትምህርትን የሚተካ አይደለም፤ ከነዚህ ጋራ የሚሄድ ነው። እኛ የምንሟገትለት ልጅቱ ትሮጣለች ብለን አይደለም። ጀርባዋን አቅንታ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ ከቻለች በራሷ እጅ ትጎርሳለች፤ ወንበር ላይ ተቀምጣ ፊደል ትቈጥራለች። ይህ ትንሽ ነገር ነውን?

ተቃውሞውን እናውቀዋለን። «የሰውነት ልምምድ ባለሙያ እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ስለ ፈረስ ታወራላችሁን?» ይባላል። እኛ ደግሞ ስለ ፈረስ የምናወራው ስለዚሁ ነው እንላለን። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ፊዚዮቴራፒስቶችን ያስተምራል፤ ነገር ግን የሚመረቁት ለአገሩ ሁሉ የሚበቁ አይደሉም። ከነቀምት እስከ አዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በቅርብ ዓመታትም በወለጋ ብዙ ወረዳዎች ጸጥታ በመታወኩ የታመመ ልጅ አዝሎ መንገድ መውጣት ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ ከዚህ ገጽ አንባቢዎች የተሰወረ አይደለም። አንድ ባለሙያ በወር አንድ ቀን ልጆቹን መርምሮ ለእያንዳንዱ የሚገባውን ቢያዝ፣ በቀሩት ሳምንቶች የሠለጠኑ መምህራንና ወላጆች ሥራውን ሊቀጥሉት ይችላሉ። ፈረሱም የባለጸጋ ፈረስ መሆን የለበትም። በአውሮፓ ለዚህ ሥራ ትንንሽ ፈረሶች ፈልገው ይገዛሉ፤ የእኛ ፈረስ ግን ከተፈጥሮው አጭር ነው፤ ብዙውን ጊዜ እስከ ጫንቃው ቢለካ ከ1 ሜትር ከ40 አያልፍም። ደጋፊው በመሬት ቆሞ የልጁን ወገብ በእጁ ሊይዝ ይችላል። በጉግስ ሜዳ እንደ ጉድለት የምንቈጥረው ማጠር እዚህ ጸጋ ሆነ።

በዲዴሳ ሸለቆና በሌላውም ቆላ ፈረስ በገንዲና በሌላ በሽታ ስለሚያልቅ በዚያ ላሉ ከተሞች ይህ ምክር አይሠራ ይሆናል። ለነርሱ አህያ አለች። ኤልዛቤት ስቬንድሰን የምትባል እንግሊዛዊት በ1969 የአህያ መጠለያ አቋቁማ፣ ኋላም አካል ጉዳተኛ ልጆች በአህያ የሚቀመጡበትን ቦታ ከፍታለች፤ ድርጅቷ በኢትዮጵያም ለአህዮች ሕክምና ለብዙ ዓመት ሠርቷል። ልጃችንን በአህያ አስቀምጠን ሰው ፊት እንዴት እንወጣለን የሚል ወላጅ ሆሣዕናን ያስታውስ።

አሁን ወደ አሠራሩ እንግባ፤ መልካም ሐሳብ ያለ ጥንቃቄ ልጅ ይሰብራልና። ፈረሱ ሰንጋ ወይም እርጋታ ያላት ባዝራ ትሁን፤ ያልተኮላሸ ወንድ ፈረስ ለዚህ አይሆንም። ዕድሜው የበሰለ፣ ጀርባው ያልተላጠ፣ የማይራገጥና የማይናከስ መሆን አለበት። ልጅ ከመቀመጡ በፊት ለብዙ ቀን ይፈተን፤ በአጠገቡ ጃንጥላ ይዘርጉ፤ ተማሪዎች ይጩኹ፤ ባጃጅ ጥሩንባ እየነፋ ይለፍ። የደነገጠ ፈረስ ለሰርግ ይሂድ። ለአንድ ልጅ ሦስት ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ፈረሱን ይስባል፤ ሁለቱ ግራና ቀኝ ሆነው ልጁን ይደግፋሉ። ፈረሱን የሚስበው ሰው ዓይኑ ከፈረሱ፣ የደጋፊዎቹም ዓይን ከልጁ አይነሣ። ዝግ ያለ እርምጃ ብቻ ይሁን እንጂ ሶምሶማ አይሞከር። ለመጀመሪያው ቀን አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ኋላ ቀስ በቀስ እስከ 20 ደቂቃ ይደርሳል። ልጁ እንዳይወድቅ ብላችሁ በገመድ ከፈረሱ ጋራ አትሰሩት፤ ይህን ደጋግመን እንናገራለን፤ ፈረሱ ቢወድቅ ወይም ቢበረግግ የታሰረ ልጅ አይተርፍም። ራሱንም የሚጠብቅ የብስክሌት ቆብ ያድርግ፤ የሞተር ብስክሌቱ ቆብ ለደካማ አንገት ይከብዳል።

በፈረስ መቀመጥ የሌለባቸው ልጆች አሉ። የሚጥል በሽታው በመድኃኒት ያልተገታ፣ ዳሌው ከቦታው የወጣ፣ አጥንቱ በቀላሉ የሚሰበር፣ አንገቱን ፈጽሞ መያዝ የማይችል፣ የጀርባ አጥንቱ እጅግ የተጣመመ ልጅ ይቅር። ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች የአንገታቸው አጥንት መገጣጠሚያ የላላ ሊሆን ስለሚችል በሐኪም ሳይመረመሩ አይቀመጡ። ከወገብ በታች የማይሰማው ልጅ፣ ለምሳሌ የሕብለ ሰረሰር ክፍተት ይዞ የተወለደ፣ ቢላጥ አያውቀውም፤ ስለዚህ ቆዳው ከመቀመጡ በፊትና በኋላ ይታይ፤ ቁስል ካለው እስኪድን ይጠብቅ። ዕድሜውም ከአራት ዓመት ባያንስ እንመርጣለን።

ስለ ንጽሕናም አንድ ነገር ሳንል አናልፍም፤ የዚህ ገጽ ዋና ሥራ እርሱ ነውና። በፈረስ ፋንድያና ፋንድያ በወደቀበት አፈር ውስጥ የመንጋጋ ቆልፍ ተዋሲ ይኖራል። ይህን በሽታ የሚከላከለው ክትባት ሕፃን በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንቱ ከሚወስደው ጋራ አብሮ የሚሰጥ ነው፤ ቤት ውስጥ የተደበቀ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ክትባቱንም አብሮ ሳያገኝ ይቀራል። ልጁም፣ ደጋፊዎቹም ክትባታቸው ይጣራ። ከሥራው በኋላ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ፋንድያው ተጠርጎ ርቆ ይቀበር፤ ዝንብ እንዳይራባበት። በእግሩ ወይም በአንገቱ ላይ ዕጢ እየፈነዳ የሚቆስል ፈረስ ካለ የእንስሳት ሐኪም ሳያየው ወደ ሜዳው አይግባ።

መምህራን ሆይ፣ በዚህ ጉዳይ ከእኛ ይልቅ ለናንተ ይቀላል። እኛ በር ስናንኳኳ መንግሥት መጣ ተብሎ ልጅ ይደበቃል፤ ለናንተ ግን ታናሽ ወንድሙ ወይም ታናሽ እኅቱ በክፍላችሁ ተቀምጣ «ቤት ውስጥ አንድ አለ» ብላ ትነግራችኋለች። ትምህርት ቤታችሁ አጥር ያለው ሜዳ አለው፤ ቅዳሜ ጧት ባዶ ነው። ከታላላቅ ተማሪዎቻችሁም ፈረስ ሲያግዱ ያደጉ አይጠፉም፤ ደጋፊ ሆነው ቢሠለጥኑ ከማናችንም ይልቃሉ። የከተማው ነዋሪም ፈረስ ያለው በሳምንት ለሁለት ሰዓት ቢያውስ ፈረሱ አይጐዳም፤ 25 ኪሎ የማይሞላ ልጅ ለፈረስ ሸክም አይደለም።

ሥራው ሊጀመር የሚገባው ክረምቱ ወጥቶ ሜዳው ሲደርቅ ነው፤ ጥቅምት ይመቻል። እስከዚያ ድረስ ልጆቹ ይመርመሩ። ወላጆች ሲመጡ የክትባት ካርዱንና ልጁ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ብልቃጡን ይዘው ይምጡ፤ በፈረሱ ቀን ደግሞ ልጁ፣ ሴትም ብትሆን፣ ጭኗ እንዳይላጥ ረጅም ሱሪ ለብሳ ትምጣ።